ድምፅን በግራና በቀኝ በራሱ እንዲመላለስ ማድረግ፦ ለድምፅ ትምህርት አዘጋጆች የቀረበ ማብራሪያ

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚወስደው አውራ ጎዳና በማንኩሳ በኩል ያልፋል። ከጎዳናው በስተደቡብ ቆሞ ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ ተማሪ ቡሬን በግራው፣ ፍኖተ ሰላምን በቀኙ ያደርጋል። ይህ ተማሪ ዓይኑን ጨፍኖ እንኳ በቆሎ የጫነ መኪና ከቡሬ በኩል ሲመጣ፣ በፊቱ ሲያልፍና ወደ ፍኖተ ሰላም ሲርቅ በጣቱ እየተከተለ ሊያመለክት ይችላል። ማንም ያላስተማረው ችሎታ ነው። ይኸው የመኪና ድምፅ በአንድ ማይክሮፎን ተቀድቶ በክፍል ውስጥ በአንድ ድምፅ ማጉያ ሲሰማ ግን መኪናው መቅረቡና መራቁ ይታወቃል እንጂ ከየት ወደ የት እንደሄደ ተማሪው ሊናገር አይችልም።

አንድን ድምፅ በግራና በቀኝ ድምፅ ማጉያዎች መካከል አካፍሎ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የሚጓዝ ማስመሰል በባለሙያዎች ዘንድ ፓኒንግ ይባላል። ቀድሞ በስቱዲዮ ውስጥ ቴክኒሺያኑ ቁልፍ እያዞረ በእጁ ይሠራው የነበረውን ይህን ተግባር ዛሬ ኮምፒዩተር በተሰጠው መመሪያ መሠረት በራሱ ይፈጽመዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሥራው ፒዩር ዳታ በተባለው፣ የትእዛዝ ጽሑፍ በመደርደር ፈንታ ሣጥኖችንና መስመሮችን በማያያዝ ፕሮግራም በሚዘጋጅበት መሣሪያ እንዴት እንደሚከናወን ማስረዳት ነው። ይሁን እንጂ አሠራሩ በራሱ ከባድ አይደለም። ከባዱ ነገር የተሠራው ድምፅ ከስቱዲዮ ወጥቶ የገጠር ትምህርት ቤት ሲደርስ የሚገጥመው ሁኔታ ስለሆነ፣ የጽሑፉ የኋለኛ ክፍል ለዚሁ ተሰጥቷል።

ጆሮ አቅጣጫን የሚለይበት መንገድ

ሰው የድምፅን አቅጣጫ የሚያውቀው ሁለት ጆሮዎቹ የሚሰሙትን በማነጻጸር ነው። ከግራ የመጣ ድምፅ ለግራው ጆሮ ቀድሞ፣ ለቀኙ ዘግይቶ ይደርሳል፤ መዘግየቱም ቢበዛ 0.7 ሚሊሰኮንድ ያህል ነው። ከዚህም ሌላ ጭንቅላት እንደ ግድግዳ ሆኖ ስለሚጋርድ በራቀው ጆሮ የሚሰማው ድምፅ ይደክማል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1907 እንዳስረዳው፣ ለወፍራም ድምፆች ጆሮ በይበልጥ የሚመካው በጊዜ ልዩነት ሲሆን ለቀጫጭኖቹ ግን በጉልበት ልዩነት ነው። የሁለቱ ድንበር በሰኮንድ 1,500 ንዝረት ገደማ ላይ ይገኛል።

ስቴሪዮ የሚባለው ዘዴ በዚህ ችሎታ ላይ የተመሠረተ ማታለያ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በለንደን በኢ.ኤም.አይ. ኩባንያ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ አላን ብሉምላይን ለዚህ ዘዴ መሠረት የሆነውን የፈጠራ መብት ማመልከቻ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1931 ነበር። ሁለት ድምፅ ማጉያዎች አንድ ዓይነት ድምፅ በእኩል ጉልበት ሲያሰሙ፣ ከሁለቱ እኩል ርቀት ላይ የተቀመጠ አድማጭ ድምፁን ከግራም ከቀኝም ሳይሆን ምንም ማጉያ ከሌለበት ከመካከል የመጣ አድርጎ ይሰማዋል። የአንደኛው ጉልበት ጥቂት ሲጨምር ድምፁ ወደዚያው ያዘነብላል። እንግዲህ ፓኒንግ ማለት ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም፤ አንዱን ድምፅ ለሁለት ማካፈል፣ የማካፈያውንም ልክ ከጊዜ ጋር መለዋወጥ ነው።

ሣጥንና መስመር

ፒዩር ዳታን የፈጠረው አሜሪካዊው የሒሳብና የሙዚቃ ሊቅ ሚለር ፓኬት ነው። ፓኬት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በፓሪስ በሚገኘው ኢርካም በተባለው የሙዚቃ ምርምር ተቋም ሳለ ማክስ የተባለውን ፕሮግራም አዘጋጀ። ስያሜውም እ.ኤ.አ. በ1957 በኮምፒዩተር የድምፅ ሥራ ፈር ለቀደደው ለማክስ ማቲውስ መታሰቢያ የተሰጠ ነው። ከዚያም በ1990ዎቹ አጋማሽ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሳን ዲዬጎ ፒዩር ዳታን ሠራ። መሣሪያው በነጻ የሚታደል፣ በአሮጌ ኮምፒዩተርም ላይ የሚሠራ መሆኑ ለመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ተስማሚ ያደርገዋል።

በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ ባዶ ገጽ ይከፈታል። በገጹ ላይ የሚቀመጠው እያንዳንዱ ሣጥን አንድ ተግባር ብቻ አለው፤ አንዱ ያባዛል፣ አንዱ ይደምራል፣ አንዱ የተቀዳ ድምፅ ከፋይል ያነባል። በሣጥኑ አናት ላይ መግቢያዎች፣ በግርጌው ደግሞ መውጫዎች አሉ። መስመሮቹም ሁለት ዓይነት ናቸው። ቀጭኑ መስመር አልፎ አልፎ የሚላክ ትእዛዝን ሲያስተላልፍ፣ ወፍራሙ ድምፅን፣ ማለትም በሰኮንድ 44,100 ያህል ቁጥሮችን ያለማቋረጥ ያስተላልፋል። የመስኖ ቦይ ሲከፈትና ሲዘጋ ላየ የገጠር ልጅ ይህ አቀራረብ ከተርታ የፕሮግራም ጽሑፍ ይልቅ ይቀርበዋል፤ ውኃው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ በዓይን ይታያልና።

የፓኒንጉ ሥዕል እንዲህ ነው። ድምፅ ከሚያነበው ሣጥን ሁለት ወፍራም መስመሮች ይወጣሉ። አንዱ ወደ ግራው የማባዣ ሣጥን፣ ሌላው ወደ ቀኙ የማባዣ ሣጥን ይሄዳል። ከእነዚህ የሚወጡት ደግሞ ዳክ በተባለው፣ ድምፁን ወደ ማጉያ በሚያወጣው ሣጥን የግራና የቀኝ መግቢያዎች ላይ ይያያዛሉ። የቀረው ለሁለቱ ማባዣዎች የሚሰጡትን ቁጥሮች መወሰን ነው። ቦታውን የሚገልጽ አንድ ቁጥር ይያዝ፤ 0 ሲሆን ድምፁ ሙሉ በሙሉ በግራ፣ 1 ሲሆን በቀኝ፣ 0.5 ሲሆን በመካከል ነው እንበል።

ለጀማሪ ቶሎ የሚታየው መንገድ የግራውን ማባዣ ከ1 ላይ የቦታውን ቁጥር በመቀነስ፣ የቀኙን ደግሞ ራሱን የቦታውን ቁጥር በመስጠት ማግኘት ነው። በመካከል ላይ ሁለቱም 0.5 ይሆናሉ፤ ድምራቸውም ሁልጊዜ 1 ነው። ይህ ቀጥተኛ ሕግ ይባላል። በወረቀት ላይ እንከን የለውም። በሁለት ማጉያዎች ሲሰማ ግን ድምፁ በመካከል ሲያልፍ ይደክማል፤ ምክንያቱም ከሁለት ማጉያዎች ወጥቶ በክፍል ውስጥ የሚቀላቀል ድምፅ የሚደመረው በግምት በጉልበቱ ነው፤ ጉልበት ደግሞ የማባዣው ቁጥር ካሬ ነው። የ0.5 ካሬ 0.25 ስለሆነ ሁለቱ ተደምረው 0.5 ብቻ ይሰጣሉ። ጉልበቱ በግማሽ፣ በባለሙያዎች አነጋገር በ3 ዴሲቤል ቀነሰ ማለት ነው። በተማሪው ፊት ለፊት ሲያልፍ ይበልጥ መጉላት የነበረበት መኪና በተቃራኒው ሸሸት ያለ ይመስላል።

ለዚህ መድኃኒቱ ከሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። የአንድ ማዕዘን ሳይን ካሬና ኮሳይን ካሬ ሲደመሩ ምንጊዜም 1 ነው። ስለዚህ የግራውን ማባዣ በኮሳይን፣ የቀኙን በሳይን ቢወስኑት ጉልበቱ ከዳር እስከ ዳር አይለወጥም። በፒዩር ዳታ የኮሳይን ሣጥን ሙሉ ክብን እንደ 1 ስለሚቆጥር ሩብ ክብ 0.25 ነው። በመሆኑም የቦታው ቁጥር በ0.25 ተባዝቶ ወደ ኮሳይን ሣጥን ሲገባ የግራው ማባዣ ይገኛል። ከዚሁ ውጤት ላይ 0.25 ተቀንሶ ወደ ሁለተኛ የኮሳይን ሣጥን ሲገባ ደግሞ ሳይኑ፣ ማለትም የቀኙ ማባዣ ይገኛል። በመካከል ላይ ሁለቱም 0.707 ይሆናሉ፤ ካሬያቸው 0.5ና 0.5፣ ድምሩ 1። ይህ እኩል ጉልበት ሕግ ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። ተማሪዎች የሳይንና የኮሳይንን ቀመር ለፈተና ሸምድደው ከፈተና በኋላ ይረሱታል፤ ለምን እንደሚያገለግል የሚያሳያቸው አልፎ አልፎ ብቻ ነውና። ሁለቱን ሕጎች በተራ አሰምቶ መካከሉ ላይ የሚደክመው የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ቀመሩን በጆሮ የሚሰማ ያደርገዋል። ለመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ከተዘጋጀ የድምፅ ፋይል ይልቅ ይህ የሥራ ልምምድ ይበልጥ ሊጠቅም እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ጉዞውን ለመሣሪያው መስጠት

የቦታውን ቁጥር በእጅ ማንቀሳቀስ ይቻላል፤ ግን አንዱ ቅጂ ከሌላው አይገጥምም። በራሱ እንዲንቀሳቀስ ለማድረግ ቀላሉ መሣሪያ ላይን የተባለው ሣጥን ነው። ይህ ሣጥን ሁለት ቁጥሮች ይቀበላል፤ የመድረሻውን ዋጋና እዚያ ለመድረስ የሚፈቀደውን ጊዜ በሚሊሰኮንድ። «1 24000» የሚል ትእዛዝ ሲደርሰው ካለበት ተነሥቶ በ24 ሰኮንድ ውስጥ በዝግታ 1 ላይ ይደርሳል። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚያልፈው መኪና በዚህ ትእዛዝ ከግራ ወደ ቀኝ ይጓዛል።

ሆኖም ማንኩሳ ላይ የቆመው ተማሪ ይህን ቢሰማ መኪና አይደለም ይላል። ምክንያቱን ስሌቱ ያሳያል። መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰኮንድ 16.7 ሜትር ያህል ይሂድ፤ ተማሪው ከመንገዱ 10 ሜትር ርቆ ይቁም፤ ድምፁም ከ200 ሜትር ግራ እስከ 200 ሜትር ቀኝ ይሰማ እንበል። 400 ሜትሩን ለመጓዝ 24 ሰኮንድ ይፈጃል። መኪናው ከተማሪው ግራ 45 ዲግሪ ላይ ከደረሰበት ነጥብ ተነሥቶ በቀኙ 45 ዲግሪ ላይ እስኪደርስ ግን የሚሄደው 20 ሜትር፣ የሚወስደውም 1.2 ሰኮንድ ብቻ ነው። የቀሩት 22.8 ሰኮንዶች በሙሉ በዳርና በዳር ያልቃሉ። የእውነተኛ መኪና ድምፅ ለረጅም ጊዜ በግራ ይቆይና በድንገት ሽው ብሎ ወደ ቀኝ ያልፋል እንጂ እኩል እየተራመደ አይሻገርም።

ስለዚህ ላይን የሚሰጠው ቁጥር የመኪናውን ማዕዘን ሳይሆን በመንገዱ ላይ ያለበትን ቦታ፣ ከ200 ሜትር ግራ እስከ 200 ሜትር ቀኝ ያለውን ርቀት ቢገልጽ ይሻላል፤ ግራው በአሉታዊ ቁጥር ይጻፋል። ርቀቱ ለ10 ተካፍሎ፣ የተገኘው ውጤት በአርክታንጀንት ወደ ማዕዘን ተለውጦ፣ ማዕዘኑ ለ3.1416 ተካፍሎ 0.5 ሲደመርበት ከ0 እስከ 1 ያለው የቦታ ቁጥር ይገኛል። ኤክስፕር የተባለው፣ ቀመር የሚጻፍበት ሣጥን ይህን በአንድ መስመር ይሠራዋል።

ጉዞ ደግሞ በአቅጣጫ ብቻ አይታወቅም። መኪናው ከ200 ሜትር ወደ 10 ሜትር ሲቀርብ ድምፁ በ26 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል። ሲያልፍ ደግሞ ቅጥነቱ ይወርዳል፤ በዚህ ፍጥነት ከመምጫው ወደ መሄጃው የሚወርደው ከመቶ አሥር ያህል ነው፣ ልጆች መኪና ሲያልፍ በአፋቸው የሚያስመስሉት ይህንኑ ነው። በመንገድ ዳር የተቀዳ እውነተኛ ድምፅ ሁለቱንም በውስጡ ስለያዘ አዘጋጁ ሊጨምርበት የሚገባው አቅጣጫውን ብቻ ይሆናል፤ ሽው የሚልበትን ቅጽበት ግን ከቅጂው ጋር በትክክል ማጋጠም አለበት።

ለሚደጋገም እንቅስቃሴ ሌላ ሣጥን አለ። ኦስክ የተባለው ሞገድ አመንጪ በሰኮንድ 0.25 ጊዜ እንዲዞር ቢታዘዝ በየ4 ሰኮንዱ አንድ ጊዜ ደርሶ ይመለሳል። ከ1 እስከ አሉታዊ 1 የሚዋልለው ቁጥሩ በ0.5 ተባዝቶ 0.5 ሲደመርበት ከ0 እስከ 1 ይሆናል። በዳርና በዳር ዘግየት ብሎ በመካከል የሚፈጥን በመሆኑ የዥዋዥዌን ሁኔታ ደኅና አድርጎ ይመስላል። በሰኮንድ ከጥቂት ጊዜ በላይ እንዲመላለስ ማድረግ ግን ጥቅም የለውም። ጆሮ ጉዞውን መከተል ያቅተውና ድምፁ የሚንቀጠቀጥ ብቻ ይሆንበታል።

ሦስተኛው ዓይነት ጉዞ ሳይሆን ቅብብል ነው። በማኅሌት ጊዜ ካህናቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ። የቀኝ ጌታና የግራ ጌታ የሚባሉት ማዕረጎች ከዚሁ የሥርዓት አቋም ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ዜማውም ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይተላለፋል። እዚህ ድምፁ በአየር ላይ አይንሸራተትም፤ ከአንዱ ያበቃና ከሌላው ይነሣል። ሁለቱ ረድፎች ለየብቻ ከተቀዱ መመሪያው የሚሰጠው በየቅብብሉ ሰዓት ነው፤ ኪውሊስት የተባለው ሣጥን ሰዓቱንና ትእዛዙን ከጽሑፍ ፋይል እያነበበ በየተራ ይልካል። ቁጥሩ በቅጽበት ከ0 ወደ 1 ቢዘል ማጉያው «ቀጭ» የሚል ድምፅ ያወጣል፤ ይህ እንዳይሆን ከ30 እስከ 50 ሚሊሰኮንድ የሚሆን መሸጋገሪያ በላይን ሊሰጥ ይገባል።

ለያይቶ መስማት

ስቴሪዮ በእውነት የሚያስተምርበት ቦታ ምናልባት ከጉዞው ይልቅ እዚህ ላይ ነው። በአንድ ጊዜ የሚሰሙ ድምፆች ከተለያየ አቅጣጫ ሲመጡ ጆሮ አንዱን መርጦ መከተል ይቀለዋል። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ኮሊን ቼሪ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ሥራ አድማጮች ሁለት የተደባለቁ ንግግሮችን በአንድነት ሲሰሙ እንደሚቸገሩ፣ ንግግሮቹ ለየጆሮው ሲከፋፈሉ ግን የመረጡትን በቀላሉ እንደሚከተሉ አሳይቷል።

በአገራችን የሙዚቃ ትምህርት ታሪክ ይህን የሚያስታውስ ሰው አለ። ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሀሊም ኤልዳብ እ.ኤ.አ. በ1944 በካይሮ የዛር ሥርዓት ድምፅ በሽቦ መቅጃ ቀድቶ፣ በሬዲዮ ስቱዲዮ ውስጥ ለዋውጦ አዲስ ሥራ አድርጎ አቅርቧል። ይኸው ሰው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር እ.ኤ.አ. በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንት፣ በገና፣ እምቢልታና ከበሮ በአንድ መድረክ ሲሰለፉ እያንዳንዱን መሣሪያ ለይቶ መስማት ለአድማጩ አዲስ ሥራ ይሆናል። ዛሬ አንድ የሙዚቃ መምህር መሰንቆውን በግራ፣ ዋሽንቱን በቀኝ፣ ከበሮውን በመካከል አድርጎ ቢያዘጋጅና ቦታቸውን በየደቂቃው ቢለዋውጥ፣ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰሙ ሠልጣኞች እያንዳንዱን መሣሪያ ለይተው ይከተላሉ።

ድምፁ ወደ ክፍል ሲገባ

እስከዚህ የተነገረው ሁሉ የሚሠራው አድማጩ የጆሮ ማዳመጫ ሲኖረው ወይም ከሁለት ማጉያዎች እኩል ርቀት ላይ ሲቀመጥ ነው። መማሪያ ክፍል ይህን አያሟላም። ድምፅ አንድ ሜትር ለመጓዝ 3 ሚሊሰኮንድ ያህል ይወስድበታል። ወደ ግራው ማጉያ በአንድ ሜትር የቀረበ ተማሪ የግራውን በዚህ መጠን ቀድሞ ይሰማል። ጀርመናዊው ሄልሙት ሃስ እ.ኤ.አ. በ1949 እንዳረጋገጠው ደግሞ ጆሮ ቀድሞ የደረሰውን ድምፅ የመነሻው ቦታ አድርጎ ይቀበላል። በመሆኑም በመካከለኛው መስመር የተቀመጡት ጥቂት ልጆች መኪናው ሲሻገር ሲሰሙ፣ በግራ ግድግዳ በኩል ያሉት ለአብዛኛው ጉዞ ከዚያው ከግራ እንደቆመ ይሰሙታል። በአንድ ጆሮው ብቻ የሚሰማ ተማሪ ካለ ደግሞ የትም ቢቀመጥ ጉዞው አይደርሰውም።

በቀላሉ የሚዘነጋ ሌላም ነገር አለ። መምህሩ ከሰሌዳው አጠገብ ፊቱን ወደ ተማሪዎች አዙሮ ሲቆም የእርሱ ግራ የተማሪዎቹ ቀኝ ነው። «ግራ» የሚል ምልክት ያለበትን ማጉያ በራሱ ግራ ካስቀመጠ መኪናው ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ሁለት ማጉያ ሲኖር ነው። በመካከለኛ ሞገድ የሚተላለፍ የትምህርት ሬዲዮ እንደተለመደው አንድ ወገን ብቻ አለው። መምህሩ በእጅ ስልኩ ቢያሰማም ብዙዎቹ ስልኮች ድምፅ የሚያወጡት በአንድ ማጉያ ነው። በግቢ ውስጥ የሚተከል ቀንደ መለከት መሰል ማጉያም እንዲሁ። ግራና ቀኝ በኤሌክትሪክ ሲደመሩ የሚሆነው ነገር ከላይ የተጠቀሰውን ፍርድ ይገለብጠዋል። አሁን የሚደመረው የማባዣው ካሬ ሳይሆን ራሱ ማባዣው ነው። ቀጥተኛው ሕግ ሁልጊዜ 1 ስለሚሰጥ ድምፁ ሳይለወጥ ያልፋል። በጆሮ ማዳመጫ ጥሩ የነበረው እኩል ጉልበት ሕግ ግን በመካከል 0.707ና 0.707 ተደምረው 1.414 ይሰጣል፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል ይዘልላል። ለሚያልፍ መኪና ይህ አይጎዳም፤ እየተንጎራደደ ለሚናገር ተራኪ ግን በመካከል በደረሰ ቁጥር ድምፁን ከፍ ያደረገ ያስመስለዋል። የሁለቱ አማካይ የሆነ፣ በመካከል 0.6 ያህል የሚሰጥ ሕግም በስቱዲዮዎች ይሠራበታል። የሚሰማበት ቦታ በእርግጥ ካልታወቀ ይህን መያዝ ይበጃል።

በጉልበት ፈንታ በጊዜ ልዩነት አቅጣጫን ማስመሰል ደግሞ በአንድ ማጉያ የባሰ ጉዳት ያመጣል። የቀኙ ወገን በ0.5 ሚሊሰኮንድ ዘግይቶ ከግራው ጋር ሲደመር በሰኮንድ 1,000፣ 3,000ና 5,000 ንዝረት ላይ ያሉት ድምፆች እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። እነዚህ የሰው ንግግር የሚገኝባቸው ቦታዎች ናቸው። ለንግግር ትምህርት ይህን ዘዴ አለመጠቀም ነው።

ከሁሉም የከፋው ግን ከሒሳብ ሳይሆን ከሽቦ የሚመጣ ነው። የስቴሪዮ ጃክ ሦስት የብረት ክፍሎች ሲኖሩት የሞኖው ሁለት ብቻ ናቸው። የሞኖ ጃክ በስቴሪዮ መሰኪያ ውስጥ ሲገባ የቀኙ ወገን ከመሬት መስመር ጋር ይገናኝና ከነጭራሹ ይጠፋል፤ አምፕሊፋየሩ የሚያገኘው ግራውን ብቻ ነው። የሚያልፈው መኪና መጥቶ በደጃፍ ላይ ይሰወራል። ይህስ ያስቃል እንጂ አይጎዳም። ለቋንቋ ትምህርት የተዘጋጀ፣ የጠያቂዋ ድምፅ ሙሉ በሙሉ በግራ፣ የመላሹ ሙሉ በሙሉ በቀኝ የሆነ ንግግር ግን በእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ጥያቄ ብቻ ይሆናል። ልጆቹ መልሱን የሚጠብቁት ጸጥታ ውስጥ ነው። መምህሩም ልጆቹ እንዲመልሱ የተተወ ጊዜ ነው ብሎ ሊገምት ስለሚችል ስሕተቱ ሳይታወቅ ዓመቱን ሙሉ ሊቀጥል ይችላል። ከዚህም የባሰ «መኪናው ወደ የት ሄደ?» የሚል የፈተና ጥያቄ ከድምፁ ጋር ተያይዞ ቢወጣ፣ አንድ ማጉያ ባለው ትምህርት ቤት የተቀመጠ ልጅ ሳያጠፋ ነጥብ ይነፈገዋል።

ማንኩሳ በሥነ ጽሑፍ አንባቢዎች ዘንድ የምትታወቀው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ የበዛብህ የትውልድ ቦታ ናትና። ይህን መጽሐፍ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ለአድማጩ ይደርስ የነበረው በአንድ ማጉያ ነበር፤ ግራም ቀኝም አልነበረውም። እንዲሁም ሆኖ አድማጩ ፊታውራሪ መሸሻን ከጉዱ ካሣ ለመለየት አልተቸገረም። ልዩነቱን የያዙት የአነጋገር ለዛ፣ የድምፅ ውፍረትና ፍጥነት፣ የቃላቱም ምርጫ ነበሩ። ትምህርት የሚያዘጋጅ ሰው የሚናገሩትን ሰዎች መጀመሪያ በዚህ መንገድ ከለየ በኋላ በግራና በቀኝ ቢያስቀምጣቸው፣ የስቴሪዮው ነገር ቢጠፋ እንኳ የሚጎድል ጌጥ እንጂ ትምህርት አይሆንም። መኪናውም «ከቡሬ የመጣው መኪና ወደ ፍኖተ ሰላም አለፈ» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢታገዝ ሁሉም ቦታ ይደርሳል።

መሞከሪያውም በዚያው ገጽ ላይ ሊሠራ ይችላል። ከዳክ በፊት የግራውና የቀኙ መስመር በአንድ የመደመሪያ ሣጥን ይገናኙ፤ ውጤቱ በ0.5 ይባዛ፤ ወደ ሁለቱም የዳክ መግቢያዎች ይላክ። ይህን ከስቴሪዮው ጋር የሚያፈራርቅ አንድ መክፈቻና መዝጊያ ሣጥን፣ ቀኙን ብቻ ወደ 0 የሚያወርድ ሌላ ሣጥን ይጨመር። አዘጋጁ ትምህርቱን በሦስቱም ሁኔታ፣ ማለትም በስቴሪዮ፣ በድምሩና በግራው ብቻ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይስማ፤ በተቻለ መጠንም ጽሑፉን ያላነበበ ሌላ ሰው አብሮት ይስማ። በድምሩ ወይም በግራው ብቻ ሲሰማ ያልገባ ጥያቄ ካለ ቦታውን በማስተካከል ሳይሆን ንግግሩን እንደገና በመጻፍ ይታረማል። ከፋይሉ ጋር ለመምህሩ በሚላከው ወረቀት ላይ ደግሞ የግራው ማጉያ በተማሪዎቹ ግራ እንዲቀመጥ፣ ጃኩም ባለ ሦስት ክፍል እንዲሆን በሁለት መስመር ይጻፍ።